የቱቲንጉን ግራናዳ በካርቶንና በጄሶ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 16፣ እሑድ

የሲኒማ ቤቱን ሞዴል ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል ውስጥ ልሠራ ቃል ገብቼ ነበር። አልሆነም፤ ካርቶኑ ከክፍሏ ይረዝማል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የምግብ ጠረጴዛችን ግማሹ የቤተሰቡ፣ ግማሹ የሲኒማ ቤቱ ነው። ባለቤቴ ድንበሩን በፕላስተር አስምራበታለች። ጄሶ ከመስመሩ ካለፈ ሥራው ይቆማል ተብያለሁ።

የምሠራው በደቡብ ለንደን፣ በቱቲንግ፣ ሚቻም ሮድ ላይ የቆመውን ግራናዳ ሲኒማ ነው። የተከፈተው ሴፕቴምበር 7 ቀን 1931 ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የሥራ ቀኖቼን ግን በእኛው።) ልኬቱ አንድ ለሃምሳ ይሆናል፤ የሕንፃው አንድ ሜትር በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ሙሉውን አልሠራም። ውስጡ እንዲታይ እንደ ዳቦ ከመሃል የተቆረጠ ግማሹን ብቻ ነው የማነሣው።

በዚያ ሕንፃ ፊት ለፊት ለዓመታት በአውቶቡስ አልፌአለሁ፤ አንድም ቀን አልወረድኩም። ከውጭ ሲታይ ትልቅ፣ ነጭ፣ ባለ ዓምድ የቢንጎ (በዕጣ የሚጠሩ ቁጥሮችን ከወረቀት ላይ እያጠፉ የሚጫወቱት ቁማር) ቤት ነው። ባለፈው ወር ዝናብ አስገድዶኝ ገባሁ። ከበሩ ስዘልቅ የመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥት አዳራሽ ጠበቀኝ። ከእሱ አልፌ ወደ ዋናው አዳራሽ ስገባ ደግሞ ካቴድራል፤ ሹል ቅስት፣ ሾጣጣ ጫፍ፣ ባለ ቀለም መስታወት፣ በግድግዳው ቅስቶች ውስጥ የቆሙ የዚያን ዘመን ልብስ የለበሱ ሰዎች ሥዕል። በመካከሉ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ቁጥር ያጠፋሉ። ማንም ቀና ብሎ አላየም። ያን ዕለት ማታ ነው እርሳስ ያነሣሁት።

ጥቅምት 23፣ እሑድ

የሕንፃውን ፊት በአንድ ቀን ጨረስኩት። ይህ ለሥራዬ ፍጥነት ምስጋና አይሆንም፤ ፊቱ ቀላል ነው። የሕንፃው አርክቴክት ሴሲል ሜሲ ነበር፤ የሠራው ፊት የጣሊያን አምሳል ያለው፣ በሚያብረቀርቅ ነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ ከፍ ባለው መግቢያው ላይ ግዙፍ ዓምዶች የተደረደሩበት ነው። ዓምዶቹን ከክብ እንጨት ቆረጥኩ። የዓምዶቹን ራስ፣ ቅጠል ቅጠሉን፣ ሦስት ጊዜ በወረቀት ሞክሬ ሦስቴም ጎመን መሰለብኝ። አራተኛውን ጎመን ተቀብዬ አለፍኩ።

ሲኒማው ለምን እዚህ ሰፈር? መልሱ ከበሩ ጥቂት እርምጃ ላይ አለ። የምድር ውስጥ ባቡሩ ወደ ሞርደን የተዘረጋው በ1926 ነው፤ ቻርልስ ሆልደን የነደፈው የቱቲንግ ብሮድዌይ ጣቢያም ያኔ ተከፈተ። ባቡሩ ሰው አመጣ፤ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ማታ መሄጃ ይፈልጋል። በ1927 ፊልም አፍ አውጥቶ መናገር ጀመረ፤ አሮጌዎቹ ትንንሽ አዳራሾች ባንድ ጊዜ አረጁ። በለንደን ዳርቻ ሰፈሮች የተጀመረው ፉክክር ከዚህ በኋላ ማን ተመልካቹን ወደ ሩቅ አገር ይወስደዋል የሚል ሆነ። በሳውዝሆል ጆርጅ ኮልስ በ1929 የቻይና ቤተ መቅደስ የመሰለ ሲኒማ ሠራ፤ በዓመቱ ኤሴክስ ሮድ ላይ ግብፅን አቆመ። ብሪክስተንና ፊንስበሪ ፓርክ ውስጥ ጣሪያው የሌሊት ሰማይ፣ ዙሪያው የደቡብ አውሮፓ መንደር የሆነ አዳራሽ ተከፈተ። ሰዉ ፒራሚድም ሆነ ድራጎን ለማየት የሚከፍለው የአውቶቡስ ሳንቲም ብቻ ነበር።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ዛሬ ምንም አልቆረጥኩም፤ ሳነብ አመሸሁ። የውስጡን ማስጌጥ የሠራው አርክቴክት አይደለም፤ የቲያትር አዘጋጅ ነው። ቴዎዶር ኮሚሳርዤቭስኪ ይባላል። የሩሲያዊ ዘፋኝ ልጅ ነው፤ የተወለደው ግን በ1882 በቬኒስ ነው። ከሩሲያው አብዮት በኋላ፣ በ1919፣ እንግሊዝ ገባ። በ1920ዎቹ አጋማሽ በለንደን ዳርቻ በባርንስ ያዘጋጃቸው የሩሲያዊው ደራሲ የቼኾቭ ተውኔቶች እንግሊዞች ቼኾቭን የሚያዩበትን ዐይን ቀየሩ ይባልለታል። ወጣቱ ጆን ጊልገድ ከተዋናዮቹ አንዱ ነበር።

እንዲህ ያለውን ሰው የሲኒማ ግድግዳ ያስቀባው የግራናዳ ባለቤት ሲድኒ በርንስታይን ነው። በርንስታይን ራሱ የዋዛ ነጋዴ አልነበረም። በ1925 የለንደንን የፊልም ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ነው፤ ተመልካቾቹ የትኛውን ተዋናይ እንደሚወዱ፣ ምን እንደሚጠሉ በታተመ መጠይቅ እየጠየቀ መልሱን ይቆጥር ነበር። ድርጅቱን ግራናዳ ያለው በስፔን በእግሩ ሲዞር ያያትን ከተማ ወዶ ነው። ኮሚሳርዤቭስኪ በ1930 የዶቨሩንና የዋልተምስቶውን ግራናዳ ሠራለት፤ የዋልተምስቶው የሙሮች (የጥንቶቹ የስፔን ሙስሊሞች) ቤተ መንግሥት ነው። ቱቲንግ ላይ ግን ወደ ተወለደባት ከተማ የተመለሰ ይመስለኛል። ሹሎቹን ቅስቶች ሳይ ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ይልቅ የቬኒስ የቦይ ዳር ቤቶች ናቸው የሚታወሱኝ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሌላው ሌላ ሊያይ ይችላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የሥራ ዕቅዴን ቀየርኩ። ሕንፃ ልሠራ ነበር የተነሣሁት፤ ለካ የምሠራው የመድረክ ዝግጅት ኖሯል።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

የመጀመሪያው ጥፋት። የመድረኩ ቅስት ላይ የተንጠለጠሉትን ሹል ጌጦች በሸክላ ጭቃ ቀረጽኩ፤ በላዩ ሲሊኮን አፍስሼ ቅርጽ ማውጫ አገኘሁ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም አማረ። ከዚያ ጄሶውን ገለበጥኩበት። ሲደርቅ ያወጣሁት ነገር ብል የበላው ጥርስ ይመስላል፤ የአየር አረፋ በአረፋ። ሁለተኛው ሲወጣ ከአንገቱ ተቀነጠሰ። ሦስተኛውን ሳልጠብቅ እርጥብ እያለ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ካርቶኑ ውኃውን ጠጥቶ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተጣጠፈ።

ከመስመሩ ያለፈ ጄሶም ነበር። ባለቤቴ ሳታይ ጠርጌዋለሁ።

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ አንድ አባት አሉ፤ አዲስ አበባ በነበሩ ጊዜ የጄሶ ጣሪያ ይሠሩ ነበር። የተቀነጠሱትን ጌጦች ይዤ ወረድኩ።

«አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ፤ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?»

አገላብጠው አዩት። «ውኃውን ጄሶው ላይ ነው ያፈሰስከው?»

«አዎ።»

«ምን ነካህ ልጄ! ጄሶውን ነው ውኃው ላይ የምትበትነው። እንደ ዱቄት ቀስ አድርገህ፤ ራሱ ውኃውን ጠጥቶ እስኪሰምጥ ሳትነካው ቆይ። ከዚያ ቀስ ብለህ አማስል። ስትደበድበው ነው አየር የሚገባው።» ቀጥለው ስብራቱን በጣታቸው ነኩ። «ይኼስ ውስጡ ምን አለው? ባዶውን ነው? ጆንያ አስገባበት እንጂ።»

የተናገሩት ነገር የግራናዳ ምስጢር መሆኑን እሳቸው አላወቁም። በዚያ ዘመን በሲኒማ ቤቶች ውስጥ ድንጋይ መስሎ የሚታየው ሁሉ ከሞላ ጎደል ጄሶ ነው፤ በውስጡ የጆንያ ጨርቅና ስስ የእንጨት ጠፍር ያለበት ጄሶ። የእኛ ጭቃ ቤት ጭዱ እንደሚይዘው ጆንያው ጄሶውን ይይዘዋል፤ ቢሰነጠቅም አይወድቅም። በወርክሾፕ ቁራጭ ቁራጩ በቅርጽ ማውጫ ይፈሰስና በጭነት ይመጣል፣ ከብረቱ አጽም ላይ ይንጠለጠላል፣ መጋጠሚያው ይለሰናል፤ ከዚያ ቀቢዎች መጥተው አንዱን እብነ በረድ፣ አንዱን የጥድ ተራዳ፣ አንዱን አምስት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ድንጋይ ያደርጉታል። ከጀርባው ባዶ ነው። ኮሚሳርዤቭስኪ በመድረክ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረው ይህንኑ ነው፤ ከፊት የሚታየውን ብቻ።

ማታ ከእሳቸው የተማርኩትን ሞከርኩ። በጆንያ ፋንታ የቁስል ማሰሪያ ፋሻ ቆራርጬ አስገባሁ። ከስድስቱ አምስቱ ሙሉ ወጡ።

ኅዳር 7፣ እሑድ

የመድረኩ ግንባር ቆመ። ካርቶኑን ከመለጠፌ በፊት በሁለቱም ወገን ቀባሁት፤ አንዱን ወገን ብቻ ከቀቡት ይጣመማል፤ ሁለቱን ከቀቡት ጉልበቱ ይተካከላል። ጌጦቹን አደረቅሁ፣ በቀጭን ሙጫ ያዝኩ።

የድንጋዩን ቀለም ሳወጣ አንድ ነገር ገረመኝ። ሞዴል የሚሠራ ሰው ዋና ችግሩ ካርቶን ካርቶን መምሰሉ ነው፤ ትክክለኛውን ቁስ ለማስመሰል ይታገላል። እኔ ግን የማስመስለው ራሱ አስመሳይ የሆነ ነገር ነው። ጄሶዬ ጄሶን ነው የሚወክለው። ቀለሙን በስፖንጅ ስነካካ የያኔዎቹ ቀቢዎች የሠሩትን እጅ በእጅ እየደገምኩ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ በመሰላል ላይ ነበሩ።

የጣሪያውን ሳጥን ሳጥን ክፍልፋይ ከቀጫጭን እንጨት ሠራሁ። አሰልቺ ነው፤ ስለእሱ የምጽፈው የለኝም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ወንበር። አዳራሹ ከ3,000 በላይ ወንበር ነበረው። ግማሹን ብቻ ስለምሠራ 1,500 ማለት ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ሙሉ ምሽት ተቀምጬ 40 ወንበር ሠራሁ። ልጄ አጠገቤ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ሳትጠየቅ አሰላችልኝ፦ «አባዬ፣ በዚህ አያያዝህ ከ37 ቀን በላይ ይፈጅብሃል።»

ተውኩት። ረጅም የእንጨት ጠፍር ወስጄ ቀይ ከፋይ ጨርቅ ለበጥኩና በየሳንቲ ሜትሩ በቢላዋ ጫፍ ጫን አልኩት። ከአንድ ክንድ ርቀት ሲታይ ወንበር ነው። በርንስታይን ቢያየኝ አይቆጣም፤ የእሱ ካቴድራልም የሚታየው ከወንበር ርቀት ነው።

ልጄ ግን አልጨረሰችም። «ቢንጎውስ? አሁን እኮ ወንበር የለም፣ ጠረጴዛ ነው ብለኸኛል።»

«የምሠራው የ1931ዱን ነው።»

«ለምን?»

አሮጌው ያምራል ብዬ መለስኩላት። እውነት ነው፤ መልስ ግን አይመስልም።

ኅዳር 14፣ እሑድ

እንደገና ሄድኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ሆን ብዬ። አባል ሆኜ ተመዘገብኩ፣ ትኬት ገዛሁ፣ ከታች ጠረጴዛ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰው እየተጫወተ ፎቶ ማንሣት ደስ አላለኝም፤ ንድፉን በወረቀት ዳርቻ ላይ ጫጫርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጥቁር ቀለም ያለውን የቁጥር ማጥፊያ ብዕራቸውን አበደሩኝ፤ ቁጥር ባመለጠኝ ቁጥር በክርናቸው ይነኩኝ ነበር።

ሰገነቱን ከታች ወደ ላይ አየሁት። እንዲህ ያለ ግዙፍ ሰገነት ከሥሩ ዓምድ ሳይኖረው መዘርጋቱ የብረት አጽሙ ሥራ ነው፤ ከታች የሚቀመጠው ሰው ዓምድ እንዳይጋርደው። ከሰገነቱ ግርጌ ሆኜ ሳስበው ዘመኖቹ ተደራረቡብኝ። ይህ አዳራሽ ፊልም ብቻ አልነበረም፤ ከፊልሙ መካከል ዉርሊትዘር የተባለ የሲኒማ ኦርጋን ይመታበት ነበር፤ መድረኩ ላይም የዘመኑ ታላላቅ ዘፋኞች ቆመዋል። በ1958 አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ጄሪ ሊ ሉዊስ የ13 ዓመት ዘመዱን ማግባቱ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ የእንግሊዝ ጉዞው የተቋረጠው እዚሁ ከዘፈነ በኋላ ነው። በ1963 የእንግሊዞቹ ባንድ ቢትልሶች ከአሜሪካዊው ዘፋኝ ሮይ ኦርቢሰን ጋር መጡ።

ሲኒማውን የገደለው ማን እንደሆነ ሳስብ ግን ፈገግ አልኩ። በብሪታንያ የሲኒማ ትኬት ሽያጭ ጣሪያ የነካው በ1946 ነው፤ በአንድ ዓመት ከ1.6 ቢሊዮን በላይ። በ1984 ወደ 54 ሚሊዮን ወርዷል። ሰዉ ቤቱ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያይ ነበር። ከ1956 ጀምሮ ከታወቁት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አንዱ ደግሞ ግራናዳ ነው፤ ያው በርንስታይን። የፈሰሰውን ውኃ በሌላ እንስራ ተቀበለው።

ቱቲንግ እንደ ሲኒማ የተዘጋው በ1973 ነው። ከዚያ በፊት በ1972 በቅርስ ጥበቃ መዝገብ ሰፍሮ ስለነበር እንደ ሌሎቹ ማፍረስ አልተቻለም። ግን የማይፈርስ ባዶ ቤት ምን ይደረግ? በ1960 የወጣው የቁማር ሕግ ቢንጎን ፈቅዶ ነበርና በ1976 አዳራሹ ለቢንጎ ተከፈተ። በ2000 የቅርስ ደረጃው ወደ አንደኛ ከፍ አለ፤ በሲኒማ ቤትነት ለተሠራ ሕንፃ የመጀመሪያው ነው። በደረጃ ከለንደኑ ቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ጄሶውና ጆንያው።

ጎኔን ክርን ወጋኝ። «አርባ ሁለት አመለጠህ» አሉኝ አሮጊቷ። ከዚህ በፊት ወደ ጣሪያው አይተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የመጀመሪያ ቀን አይቼዋለሁ፣ አሁን እሱ እኔን ይየኝ አሉኝ።

ኅዳር 21፣ እሑድ

የመስታወቱ አዳራሽ። ወደ ሰገነቱ የሚወስደው ረጅም መተላለፊያ ነው፤ በግራ በቀኝ ቅስት በቅስት ሆኖ በመስታወት የተሞላ። ሐሳቡ ቀላልና ብልህ ነው፦ ተመልካቹ ወረፋ እየጠበቀ ራሱን በቅስት መካከል እንደ ልዑል ደጋግሞ ያያል። ኮሚሳርዤቭስኪ እንዲህ ያለ ሲኒማ የሰፈሩ ሰው ለጥቂት ሰዓት ከማንም የማያንስ ሆኖ እንዲሰማው ያደርጋል ብሎ ያምን ነበር፤ መስታወቱ ያንን ያለ ቃል ያደርገዋል።

እኔን ግን አስቸገረኝ። ተራ መስታወት ቆርጬ ሳስገባ የመስታወቱ ውፍረት ራሱ በልኬቱ የአሥር ሳንቲ ሜትር ግንብ ሆነ፤ ምስሉም ሁለት ሁለት እየሆነ ይታያል። የሚያብረቀርቅ ስስ ፕላስቲክ ገዝቼ ብለጥፍ ሙጫው አጎበጠው፤ የሠርግ ድንኳን መሰለ። በመጨረሻ ፕላስቲኩን በጠንካራ ካርቶን ላይ በደረቅ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ዘረጋሁትና ቅስቶቹን ከላዩ ለጠፍኩ። ልጄ ዐይኗን አስጠግታ አየች፤ መተላለፊያው ውስጥ ማለቂያ የሌላቸው ግዙፍ ዐይኖች ታዩ። ራሷ ደነገጠች።

ኅዳር 28፣ እሑድ

መብራት። ትንንሾቹን የኤልኢዲ አምፖሎች ከቅስቶቹ ጀርባ ደበቅኩ። ክፍሉን አጨልሜ ስከፍተው ግድግዳው ሁሉ እንደ ፋኖስ ወረቀት በራ! ግድግዳው የተሠራበት ፎም ቦርድ፣ በመካከሉ አረፋ ያለው ካርቶን፣ ብርሃን ያሳልፋል። ካቴድራሌ የእሳት ራት የሚሰበሰብበት አምፖል ሆነ። ሁሉንም ፈትቼ የውጭውን ወገን ጥቁር ቀባሁ፣ አልበቃም፤ በአሉሚኒየም ፎይል ሸፈንኩ።

ሁለተኛ ስከፍተው ወርቃማው ብርሃን ከታች ወደ ላይ ሽቅብ ወጣ፣ የተሳሉት ሰዎች ከግድግዳው ወጥተው የቆሙ መሰሉ፣ አምስቱ ጤነኛና አንዱ ጎደሎ ሹል ጌጥ ጥላቸውን ጣሉ። የቀለም ስሕተቴ፣ የሙጫ ጠብታው፣ የተጣመመው ጠርዝ፣ ሁሉ ጠፋ። ቀን ቀን ሳየው አንድ ወር የታገልኩበት ካርቶን ነው። ባለቤቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች መጥታ ቆመች፤ ስለ ጠረጴዛው ምንም አላለችም።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

የልጄ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በ1931 የቆመ ሞዴል ብሠራ ሕንፃው ለ42 ዓመት ብቻ የኖረ አደርገዋለሁ። በቢንጎ የኖረው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ያለ ቢንጎው ደግሞ ዛሬ የማየው ግድግዳ አይኖርም ነበር። ጓደኞቹን ስቆጥር ዕጣቸው የተለያየ ነው፦ የዎልዊቹ ግራናዳ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ የዋልተምስቶው ለዓመታት ከተዘጋ በኋላ በ2025 ቲያትር ሆኖ ተከፍቷል። እያንዳንዱን ያቆየው ከፊልም ሌላ የሆነ ነገር ነው።

የሰገነቱን ወንበሮች ተውኳቸው። ከታች ያሉትን ረድፎች ግን ዛሬ ጠዋት በስስ ቢላዋ ከወለሉ ፈለቀቅኋቸው፤ ሁለት ሳምንት የለበጥኩት ቀይ ከፋይ በሙሉ። ሙጫው እንደጠረጠርኩት ጠንካራ ነበርና ወለሉን ይዞ ተነሣ።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ

አዲስ ወለል፣ አርባ ሁለት ጠረጴዛ። ቁጥሩን የመረጥኩት ባመለጠኝ ቁጥር ነው። ጠረጴዛዎቹን ልጄ ቆረጠች፤ ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርጋ ትቆርጣለች። ከታች ያሉት አባትም መጥተው የመድረኩን ጌጥ በባትሪ መብራት መረመሩ፤ ጎደሎውን ሹል ጫፍ ሳይነግሩኝ በኪሳቸው ይዘው ወረዱ። ማታ አዲስ አምጥተው ሰጡኝ፤ ከሌሎቹ አምስቱ ይበልጥ ስላማረ የሌሎቹን ጉድለት አጋለጠብኝ።

አንዲት አሮጊት በሦስት ሳንቲ ሜትር ቁመት ቀርጬ ከመድረኩ ቀረብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። አንገቷን ወደ ታች አድርጌዋለሁ።